አውሎ ነፋሱ ጠረፍ ላይ አይቆምም

ታኅሣሥ 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ለማረፍ ዝቅ ሲል የበረሃ አንበጣ መንጋ ውስጥ ገባ። ሞተሩን፣ አፍንጫውንና የፊት መስታወቱን አንበጣ ለበጠው። አብራሪዎቹ በመስታወት መጥረጊያው ሊያጸዱት ሞከሩ፤ መስታወቱ ግን አላሳይ አለ። ሽቅብ ወጡ፣ ድሬዳዋን ትተው ወደ አዲስ አበባ አቀኑ፣ ቦሌም በሰላም አረፉ።

ወሬው ለጥቂት ቀን መነጋገሪያ ሆኖ አለፈ። ሥሩ ግን ከዚያ ቀን ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ቀድሞ የኦማን ባሕር ጠረፍ ላይ ነበር። ግንቦት 17 ቀን 2010 ዓ.ም. መኩኑ የተባለ አውሎ ነፋስ ሳላላ ከተማ አጠገብ የብስ ላይ ወጣ፤ ዝናቡን እንደያዘም ሩብ አል ካሊ ወደሚባለው፣ ሰው ወደማይኖርበት የአሸዋ በረሃ ዘለቀ። በአሸዋው ክምሮች መካከል ሐይቆች ተኙ። አሸዋው ረጠበ፣ ሣር በቀለ፣ አንበጣ እንቁላሉን ጣለ። ምድሩ መድረቅ ሲጀምር ጥቅምት 4 ቀን 2011 ዓ.ም. ሉባን የተባለ ሌላ አውሎ ነፋስ በየመን በኩል ወጥቶ ዳግም አራሰው።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ባለሙያዎች እንደገመቱት፣ በዘጠኝ ወር ውስጥ ሦስት የአንበጣ ትውልድ ተፈለፈለ፤ ቁጥሩም ወደ 8,000 እጥፍ ጨመረ። መንገድ በሌለበት በረሃ ውስጥ ስለሆነ በጊዜው ያየው አልነበረም። መንጋው ጦርነት ላይ ወደነበረችው የመን ተሻገረ፤ ከሰኔ 2011 ዓ.ም. ጀምሮም ባሕር አቋርጦ አፍሪካ ቀንድ ገባ። ኅዳር 27 ቀን 2012 ዓ.ም. ፓዋን የተባለው አውሎ ነፋስ ሶማሊያ ላይ ዝናብ አፍስሶ ለመንጋው ሌላ መራቢያ ሠራለት። ፋኦና የኢትዮጵያ መንግሥት በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ ይፋ ያደረጉት ጥናት ጉዳቱን ሲተምን 200,000 ሄክታር የሚጠጋ የሰብል ማሳ ተጎድቶ ከ356,000 ቶን በላይ እህል ታጥቷል፤ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰውም የምግብ ዕርዳታ ፈላጊ ሆኗል።

መኩኑን ሲከታተሉ የነበሩ ትንበያ ሰጪዎች ነፋሱ የብስ ላይ ወጥቶ ሲደክም መዝገባቸውን ዘጉ። ለኦማን ትክክል ነበር፤ ለኢትዮጵያ ግን ጉዳዩ የተከፈተው ያኔ ነው። ባሕር የሌላት አገር አውሎ ነፋስን መከታተል ያለባት ጠረፍ እስኪነካ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ከነካ በኋላ ነው። በዚህ ረገድ ያለን ልማድ ደካማ ነው።

ጉልበቱን ከየት ያገኛል?

አሜሪካኖች ሐሪኬን፣ የሩቅ ምሥራቅ ሰዎች ታይፉን፣ የሕንድ ውቅያኖስ አገሮች ደግሞ ሳይክሎን የሚሉት በተፈጥሮው አንድ ነገር ነው። ውሃው ከላይ ብቻ ሳይሆን እስከ 50 ሜትር ገደማ ጥልቀት ድረስ 26.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በላይ መሞቅ አለበት። ከዚህ ውሃ የሚነሳው እንፋሎት ከፍ ብሎ ደመና ሲሆን የያዘውን ሙቀት ይለቃል፤ ሙቀቱ አየሩን ወደ ላይ ይገፋል፣ ከታች ሌላ እርጥብ አየር ይሳባል። ዑደቱ እንዳይበተን ግን ከላይና ከታች ያለው ነፋስ በፍጥነትም ሆነ በአቅጣጫ ብዙ መለያየት የለበትም።

ዓረብ ባሕር ላይ ይህ ሁኔታ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሟላል፤ አንዱ በግንቦትና በሰኔ መግቢያ፣ ሌላው በጥቅምትና በኅዳር። በመካከሉ ባለው ክረምት ከሶማሊያ ጠረፍ ተነስቶ ወደ ሕንድ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ የደመናውን ግንብ እየቆረጠ ይጥለዋል፤ ከጠረፉ ሥር ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚያወጣም ባሕሩን ያበርደዋል። በዚህ ምክንያት በሐምሌና በነሐሴ በዚህ ባሕር ላይ የጎለበተ አውሎ ነፋስ ማየት ብርቅ ነው። ሁለቱ መስኮቶች ግን ለእኛ ክፉ ጊዜ ላይ ይከፈታሉ። ግንቦት ለክረምቱ እርሻ የሚሆን ማዳበሪያ ከጅቡቲ የሚጓጓዝበት ወር ነው፤ ኅዳር ደግሞ ጤፍ የሚታጨድበትና የሚወቃበት።

ወደ ጠረፍ እየቀረበ የሚጎለብት አውሎ ነፋስ ምን ያህል ጊዜ እንደማይሰጥ ያሳየው ጋቲ ነው። ኅዳር 13 ቀን 2013 ዓ.ም. እሑድ ከሶማሊያ ምሥራቃዊ ጫፍ ሐፉን አጠገብ የብስ ላይ ወጣ። ሐፉን በ1997 ዓ.ም. የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ሶማሊያ ውስጥ ክፉኛ የተመታች ቦታ ናት። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የታይፉን ማስጠንቀቂያ ማዕከል እንደገመተው የጋቲ ነፋስ በ12 ሰዓት ውስጥ በሰዓት ከ65 ኪሎ ሜትር ወደ 185 ኪሎ ሜትር አሻቀበ። በሕንድ ውቅያኖስ መዝገብ በዚህ ፍጥነት የጎለበተ አውሎ ነፋስ አልታየም ነበር። ሶማሊያን በሐሪኬን ደረጃ የመታ የመጀመሪያው የተመዘገበ አውሎ ነፋስም እርሱ ነው። አመሻሽ ላይ ተራ ማዕበል ነው ብሎ የተኛ ዓሣ አስጋሪ ሲነጋ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል።

እዚህ ላይ የክትትሉን ድክመት ማየት ያስፈልጋል። አትላንቲክ ላይ የአሜሪካ አውሮፕላኖች አውሎ ነፋሱ ውስጥ ገብተው ግፊቱንና ፍጥነቱን ይለካሉ። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ እንዲህ ያለ በረራ የለም። ጉልበቱ የሚገመተው ከሳተላይት ምስል፣ ከደመናው ቅርጽና ቅዝቃዜ ተነስቶ ነው። አሠራሩ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሲሆን ቨርኖን ድቮራክ በተባለው አሜሪካዊ ስም ይጠራል። በጋቲ ጊዜ ይህን ባሕር በቅርበት ያይ የነበረው የአውሮፓው ሜቲዮሳት 8 ሳተላይት ነው። ቆሞ የነበረው ከምድር ወገብ በላይ፣ 41.5 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ፣ ማለትም በአፍሪካ ቀንድ አናት ላይ ነበር። ምስሉ አንድ ሆኖ ሳለ ግምቱ ይለያያል። አሜሪካኖቹ ለጋቲ 185 ሲሰጡ የሕንድ ሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የሰጠው 140 ነው። የልዩነቱ አንዱ ምክንያት አሜሪካኖቹ የአንድ ደቂቃ፣ ሕንዶቹ የሦስት ደቂቃ አማካይ መውሰዳቸው ነው። ዜና ላይ አንዱን ቁጥር ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን አያውቅም።

ማስጠንቀቂያው ቦሌ ይደርሳል፤ ከዚያስ?

በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ የሚነሳን አውሎ ነፋስ የመከታተል ዓለም አቀፍ ኃላፊነት የኒው ዴልሂ ማዕከል ነው። ስም የሚወጣለት 13 አገሮች ካቀረቡት ዝርዝር ነው፤ ከባንግላዴሽና ከሕንድ እስከ ኦማን፣ የመንና ሳዑዲ ዓረቢያ። ከ13ቱ አንድም አፍሪካዊ አገር የለም። ሶማሊያም፣ ጅቡቲም፣ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አገሮች ጉባኤ ውጭ ናቸው። ከምድር ወገብ በታች ያለውን ምዕራባዊ ክፍል የምትከታተለው ደግሞ የፈረንሳይዋ ሪዩኒየን ደሴት ናት።

ኒው ዴልሂና ሪዩኒየን ለአቪዬሽንም ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ። የአውሎ ነፋሱ ማዕከል የት እንዳለ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ በሚቀጥሉት 6፣ 12፣ 18 እና 24 ሰዓታት የት እንደሚደርስ ይገልጻሉ። ይህ በዓለም አቀፍ ሕግ የተደነገገ አሠራር ነው። ከቦሌ ወደ ሐርጌሳ፣ ሞቃዲሾ፣ ዱባይ ወይም ሙምባይ የሚነሳ በረራ መንገዱ የሚቀየሰው ይህን መረጃ ጨምሮ ነው። ቦሌ ራሱ በዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት መዝገብ 63450 የሚል ቁጥር ያለው የምልከታ ጣቢያ ነው። ስለዚህ አውሎ ነፋስ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።

ጥያቄው መረጃው ከቦሌ አጥር ወጥቶ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። አብራሪው መረጃው እንዲደርሰው የሚያስገድድ ሕግ አለው። በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ውስጥ በደረቅ ወንዝ ዳር ግመሎቹን ያሰፈረ አርብቶ አደር እንዲህ ያለ ሕግ የለውም። ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ሶማሊኛ በሚነገርባቸው ሻይ ቤቶች የቦሳሶንና የሐርጌሳን ወሬ ፈጥኖ የሚያመጣው የዘመድ ስልክ ነው። ዘመድ ስልክ የሚደውለው ግን ነገሩ ከደረሰ በኋላ ነው። ሂውስተን ወይም ፍሎሪዳ ልጅ ያለው ወላጅ በበኩሉ አትላንቲክ ላይ የተነሳውን ሐሪኬን በቴሌቪዥን ካርታ በየሰዓቱ ይከታተላል። ለባሕር ማዶው ሐሪኬን ያለን ዓይን ለጎረቤቱ ባሕር የለንም።

በሁለት ወደቦች መካከል

ጎረቤቱ ባሕር ምን ሊያደርግ እንደሚችል የታየው በሳጋር ነው። ግንቦት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ ተነሳ። ብዙዎቹ አውሎ ነፋሶች ወደ ኦማን ወይም ወደ የመን ሲያዘነብሉ እርሱ የባሕረ ሰላጤውን ርዝመት ተከትሎ ወደ ምዕራብ ሄደ። ግንቦት 11 ቅዳሜ ሶማሌላንድ ውስጥ ሉግሐያ አጠገብ የብስ ላይ ወጣ። በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ ታሪክ እስከዚያ ምዕራብ ድረስ ዘልቆ የወጣ አውሎ ነፋስ አልተመዘገበም። ነፋሱ ከጋቲ ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነበር፤ የሕንዶቹ መዝገብ ጉልበቱ በበረታበት ጊዜ በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር ይለዋል። ጉዳት ያደረሰው በዝናቡ ነው። ጅቡቲ ከተማ የዓመት ዝናቧን የሚጠጋ ውሃ በአንድ ቀን ወረደባት። ደመናውም ድንበር ተሻግሮ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ገባ። በአካባቢው አገሮች በአጠቃላይ ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ካርታ ላይ ሉግሐያን ፈልጉ። ከጅቡቲና ከበርበራ መካከል ናት፤ ከቦሌ በአየር ወደ 600 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። አንደኛው ወደብ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የወጪና ገቢ ንግዳችን የሚያልፍበት ነው፤ ሁለተኛው ስለ አማራጭ ወደብ በተወራ ቁጥር ቀድሞ የሚጠራው። ሳጋር የወጣው በሁለቱ መሐል ነው። ጥቂት ወደ ሰሜን ወይም ወደ ምሥራቅ ቢያዘነብል ኖሮ አንዱን ወደብ በቀጥታ ይመታ ነበር።

ይህ ለአዲስ አበባ ሩቅ ነገር አይደለም። ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሰፋ ልብስ ይዞ የሚወጣ ኮንቴይነር መድረሻው ጅቡቲ ነው። ገርጂና ሰሚት እየተሠሩ ላሉ ሕንፃዎች የሚገባ ብረት፣ ሴራሚክና መስታወት፣ ለታክሲው የሚቀዳ ነዳጅ፣ ሁሉም በዚያ መንገድ ይመጣል። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር የሚያልፈውም ጎርፍ በሚያጥለቀልቃቸው ሸለቆዎች በኩል ነው። ወደቡ ለአንድ ሳምንት ቢዘጋ ዋጋው መጀመሪያ የሚታየው ሱቅ ላይ ነው። ስለ ባሕር በር ባለፉት ዓመታት ብዙ ተከራክረናል፤ ስለ ታሪኩ፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ ኪራዩ። ከባሕሩ ስለሚነሳው የአየር ጠባይ ግን በዚያ ክርክር ውስጥ አንድ ሰው ሲያነሳ አይሰማም። የባሕር በር የለንም ማለት የባሕር አየር የለንም ማለት አይደለም።

ለምሥራቁ ሕዝብ ደግሞ አደጋው ደረቅ ወንዝ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ያ ጎርፍ የክረምት ዝናብ ያመጣው እንጂ ከአውሎ ነፋስ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ትምህርቱ ግን ለሁለቱም ያው ነው። ውሃው የሚመጣው ከደጋው ነው፤ ከተማው ላይ ያለው ሰማይ ምልክት ላይሰጥ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሆነው ሸለቆ በሰዓታት ውስጥ ወንዝ ይሆናል። የሳጋርን ዓይነት ደመና የሐረርጌ ተራሮች ሲያግዱት ዝናቡን የሚጥለው በእነዚሁ ሸለቆዎች ራስ ላይ ነው።

ዝናብ የሚወስደውም አለ

እስካሁን ያነሳነው ዝናብ ስለሚያመጣ አውሎ ነፋስ ነው። ሌላው ወገን ዝናብ ይወስዳል፤ ይህኛው ድምፅ ስለሌለው ይበልጥ ይዘነጋል። መጋቢት 2011 ዓ.ም. ኢዳይ የሞዛምቢክን ቤይራ ከተማ አፈራረሰ፤ በሦስት አገሮች ከ1,000 በላይ ሰው ገደለ። በዚያው ሰሞን የምሥራቅ አፍሪካ የበልግ ዝናብ ዘገየ። ከሕንድ ውቅያኖስ ወደ እኛ መምጣት የነበረበትን እርጥበት አውሎ ነፋሱ ወደ ደቡብ እንደሳበው የአየር ጠባይ ባለሙያዎች አስረድተዋል።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ባለሙያዎች አዲስ አልነበረም። በቀድሞው ብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ይሠሩ የነበሩት ዱላ ሻንቆ ፒየር ካምበርላን ከተባለው ፈረንሳዊ ተመራማሪ ጋር በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ አውሎ ነፋሶች ተከታትለው የተነሱባቸው ዓመታት በኢትዮጵያ ድርቅ ከታየባቸው ዓመታት ጋር እንደሚገጥሙ አሳይተዋል። በልግ የሚያርሱት የወሎና የሰሜን ሸዋ ደጋ ገበሬዎች፣ በልጉን ጠብቀው ከብት የሚያረቡት የቦረናና የጉጂ ሰዎች ከማዳጋስካር ማዶ ለተነሳ ነፋስ ዋጋ ይከፍላሉ ማለት ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ነፋሱ ከማዳጋስካር ምሥራቅ ሲሆን ከኮንጎ በኩል እርጥብ አየር ስቦ ለምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ሊጨምርም ይችላል። ስለዚህ አውሎ ነፋስ ተነሳ ማለት ብቻ አይበቃም፤ የት ተነሳ የሚለውን መመለስ ያስፈልጋል። ለዚህ መልስ የሚሰጥ ባለሙያ አገሪቱ ካፈራች ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ ሆኗል።

ፍሰቱ ወደ እኛ ብቻም አይደለም። ከአትላንቲክ ከባድ ሐሪኬኖች 85 በመቶ ያህሉ የሚጸነሱት ከአፍሪካ ወደ ምዕራብ በሚጓዝ የነፋስ ሞገድ ውስጥ ነው፤ ሞገዱ ከሚነሳባቸው አካባቢዎች አንዱ የሱዳንና የኢትዮጵያ ከፍታ ነው። ሂል እና ሊን የተባሉ አሜሪካ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ነሐሴ 1992 ዓ.ም. አትላንቲክ ላይ ለሳምንታት የቆየውን አልበርቶ የተባለ ሐሪኬን ወደ ኋላ ተከትለው መነሻውን ሲፈልጉ የደረሱት በሐምሌ የኢትዮጵያ ደጋ ላይ የተከመረ የነጎድጓድ ደመና ዘንድ ነው። ደጋችን ከሐሩር አየር መንገድ ወጥቶ የተቀመጠ ዳር ተመልካች አይደለም።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የቀን፣ የአሥር ቀንና የወቅት ትንበያ ያወጣል። በዓረብ ባሕርና በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ስም የተሰጠው አውሎ ነፋስ በተነሳ ቁጥር አንድ ገጽ ልዩ መግለጫ ቢጨምርበት ወጪው ትንሽ ነው። መግለጫው የነፋሱን ፍጥነት ሳይሆን ለእኛ የሚበጀውን ይንገረን። ዝናቡ የትኛው የምሥራቅ ሸለቆ ላይ ሊወርድ ይችላል? ጅቡቲና በርበራ ሥራ ይስተጓጎልባቸዋል ወይ? የትኛው በረሃ ረጥቦ ለአንበጣ መራቢያ ይሆናል? በልግ ይዘገያል ወይስ ይበረታል? አራቱ ጥያቄዎች ነፋሱ ከሞተ በኋላም ለወራት መከታተልን ይጠይቃሉ።

መልሱን የሚጠቀሙ መሥሪያ ቤቶች አሉ። የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን አለ። ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ኬንያ ውስጥ የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል አለ። አንዱ የሌላውን ሰነድ እንዲያነብ የሚያስገድድ ሥርዓት ቢኖር፣ በ2010 ዓ.ም. ግንቦት መኩኑ ኦማንን በመታ ሰሞን አንድ ሰው ካርታው ላይ ሩብ አል ካሊን አክብቦ «እዚህ ምን እየተፈለፈለ ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችል ነበር። መንጋው ኢትዮጵያ እስኪገባ ከአንድ ዓመት በላይ ጊዜ ነበር። አውሎ ነፋስ ይህን ያህል ጊዜ የሚሰጥ አደጋ አይደለም፤ የአውሎ ነፋስ ውጤት ግን ይሰጣል።

መግለጫው በአማርኛ ብቻ ቢወጣ ግማሽ ሥራ ነው። ሳጋርን የመሰለ ዝናብ የሚወርድበት ሕዝብ ሶማሊኛ፣ አፋርኛና አፋን ኦሮሞ ይናገራል፤ የሚሰማውም ሬዲዮ ነው። ስም የሚያወጡትን የ13ቱን አገሮች ጉባኤ በተመለከተም አፍሪካ ቀንድ በታዛቢነት እንኳ ወንበር መጠየቅ ይገባዋል። ሳጋር፣ ፓዋንና ጋቲ በሦስት ዓመት ውስጥ የአፍሪካ ቀንድን ጠረፍ መትተዋል፤ ስም ከሚያወጡት አገሮች መካከል ግን በዚህ ጠረፍ ላይ ያለ አንድም የለም።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2027 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በምድር ላይ ያለ ሰው ሁሉ ቅድመ ማስጠንቀቂያ እንዲደርሰው ግብ አስቀምጧል። ኢትዮጵያም ቀድመው ከተመረጡት 30 አገሮች አንዷ ናት። ግቡ መመዘን ያለበት በሲቲው አርብቶ አደር ነው፤ ቦሌ ያለው አብራሪ ማስጠንቀቂያውን ካገኘ ቆይቷል። የአውሎ ነፋሱ መስኮት በየዓመቱ ግንቦትና ጥቅምት ላይ ይከፈታል። ኢንስቲትዩቱ የመጀመሪያውን ልዩ መግለጫ ለማዘጋጀት ከዚያ የተሻለ ቀን መጠበቅ የለበትም።